ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ

ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ (ታኅሣሥ 29 ቀን 1858 ዓ.ም. – ኅዳር 26 ቀን 1886 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 6 ቀን 1866 እስከ ዲሴምበር 4 ቀን 1893) ጣሊያናዊ መስፍን፣ አገር አሳሽ፣ አዳኝና የተፈጥሮ ናሙና ሰብሳቢ ነበር። ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በኦጋዴን፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች እንዲሁም በቦረና አገር በኩል እስከ ቡርጂ ተጉዟል። በቡርጂ አካባቢ ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው። ዛሬ ስሙ በይበልጥ የሚታወቀው በነገሌ ቦረና፣ በአሬሮና በአካባቢያቸው ደኖች ብቻ በምትገኘው «የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ» በተባለች ወፍ ነው።

ትውልድና ቤተሰብ

ሩስፖሊ የተወለደው በዛሬዋ ሮማኒያ፣ በሞልዳቪያ ምድር፣ ጺጋኔሽቲ በተባለው የእናቱ ቤተሰብ ርስት ነው። እናቱ ካተሪና ኮናኪ የባለርስቱና የገጣሚው የኮስታኬ ኮናኪ ልጅ ስትሆን በዘመኑ ከታወቁ የሞልዳቪያ ባለጸጎች አንዷ ነበረች። የመጀመሪያ ባሏ ኒኮላይ ቮጎሪዲ የሞልዳቪያ እንደራሴ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ጣሊያናዊውን ኤማኑኤሌ ሩስፖሊን አገባች። ካተሪና እ.ኤ.አ. በ1870 ስትሞት ኤውጄኒዮ ገና የ4 ዓመት ልጅ ነበር።

የአባቱ ወገን ከሮም የቆዩ የመሳፍንት ቤተሰቦች የሚቆጠር ነው። ኤማኑኤሌ ሩስፖሊ የፖጆ ስዋሳ መስፍን ተብሎ የተሾመ ሲሆን በፖለቲካም ገብቶ ሁለት ጊዜ የሮም ከተማ ከንቲባ ሆኗል። ልጁ በአፍሪካ በሞተበት ወቅትም በከንቲባነት ሥራ ላይ ነበር። ከጊዜ በኋላ የአባቱን የመስፍንነት ማዕረግ የወረሰው የኤውጄኒዮ ወንድም ማሪዮ ሩስፖሊ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የአፍሪካ ቀንድ ውስጠኛ ክፍል ለአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ገና ባዶ ቦታ ነበር። የጁባ ወንዝ ምንጮች የት እንዳሉ፣ የኦሞ ወንዝም ወዴት እንደሚፈስ በአውሮፓ አልታወቀም። የአገሬው ሰው፣ የቦረና አርብቶ አደርና የሶማሌ ነጋዴ ግን መንገዱንም የውሃ ጉድጓዱንም አሳምሮ ያውቅ ነበር። ጀርመናዊው ባሮን ፎን ዴር ዴከን እ.ኤ.አ. በ1865 በጁባ ወንዝ ሽቅብ ለመሄድ ሞክሮ በባርዴራ ተገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1888 የሃንጋሪው ቆንት ሳሙኤል ቴሌኪ ከደቡብ አቅጣጫ መጥቶ ቱርካና ሐይቅና ጨው ባሕር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ደግሞ ጣሊያናዊው ሮቤኪ ብሪኬቲ ከሞቃዲሾ እስከ በርበራ ያለውን የሶማሌ ምድር አቋርጧል።

ሩስፖሊም በዚሁ በ1891 በሶማሌ አገር የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። ያኔ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ጉዞው አጭር ቢሆንም የግመል ቅፍለት እንዴት እንደሚደራጅ፣ ጠባቂና አስተርጓሚ እንዴት እንደሚቀጠር፣ በቆላው ሙቀት ውሃ እንዴት እንደሚያዝ ተማረበት። ወደ ጣሊያን ተመልሶም በራሱ ገንዘብ ለረጅም ጉዞ መዘጋጀት ጀመረ።

ሁለተኛው ጉዞ

ሁለተኛው ጉዞ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1892 መጨረሻ በወቅቱ በእንግሊዝ እጅ ከነበረችው የበርበራ ወደብ ነው። ከሩስፖሊ ጋር ከተጓዙት አውሮፓውያን መካከል ዕፀዋት እንዲሰበስብ የተቀጠረው ዶሜኒኮ ሪቫ ይገኝበታል። ቅፍለቱን የሚመሩት፣ ግመል የሚጭኑትና መሣሪያ ይዘው የሚጠብቁት ግን በባሕሩ ዳርቻ የተቀጠሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ከጥቂት ወራት በፊት ሌላው ጣሊያናዊ ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ከዚሁ ከበርበራ ተነሥቶ ነበር። የሁለቱም ዓላማ ተቀራራቢ ነው፤ የጁባን ገባሮች ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት። ዛሬ «ገናሌ ዶሪያ» የሚለው መጠሪያ የቀረው ቦቴጎ ወንዙን በጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት በጃኮሞ ዶሪያ ስም ስለጠራው ነው።

ሩስፖሊ ኦጋዴንን አቋርጦ ዋቢ ሸበሌን ተሻገረና ወደ ገናሌ ወረደ። በጁባ ዳር ያለችውን የሉግ ከተማ ከጎበኘ በኋላ የዳዋን ወንዝ ይዞ ወደ ምዕራብ አመራ። ገናሌና ዳዋ በዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባን ይፈጥራሉ። በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ምድር ሊበን ይባላል፤ የዛሬዋ ነገሌ ቦረና የተቆረቆረችውም እዚያው ነው። መንገዱ ከግራርና ከዕጣን ዛፍ ቆላ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ጽድና ወደ ዝግባ ደን ይወጣል። ሪቫ በየሰፈሩ ዕፀዋት ሲሰበስብ ሩስፖሊ ደግሞ አዕዋፍን፣ እንስሳትንና ሌሎች ናሙናዎችን ያከማች ነበር።

ጊዜው ለአገሩ ክፉ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው የከብት በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ አምጥቷል፤ ኑሮው በከብት የቆመው ቦረናም ክፉኛ ተጎድቷል። በዚህ ላይ የፖለቲካው ሁኔታ የተወጠረ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1893 መጀመሪያ፣ ሩስፖሊ ገና በጉዞ ላይ ሳለ ነው። ቦረናና ቡርጂ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የተጠቃለሉት ከሩስፖሊ ሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሲሆን የቦረናውን ዘመቻ የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው።

የዝሆን አደንና የጠመንጃ ምርጫ በሩስፖሊ ዘመን

በዚያን ጊዜ ዝሆን ማደን ለአሳሾች የስፖርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሥጋው ቅፍለቱን ይመግባል፤ ጥርሱ ደግሞ በባሕር ዳር ገበያ ወርቅ የሚያወጣ ሸቀጥ ነው። የዝሆን ጥርስ ከቡናና ከቆዳ ጋር የኢትዮጵያ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ነበር። በአገሬው ሰው ዘንድም ዝሆን የገደለ ክብር ነበረው። በደገኛው ዘንድ ገዳይ ይፎክራል፣ ሎቲ ያንጠለጥላል፤ በቦረናም አውሬ መግደል የጀግንነት ምልክት ነበር።

ጠመንጃ ከመስፋፋቱ በፊት የአደን ዘዴው እንደየአገሩ ይለያያል። በቦረና አደን ሙያቸው የሆነው የዋታ ሰዎች በመርዝ የተቀባ ፍላጻ ይጠቀሙ ነበር። መርዙ የሚወጣው በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ሲሆን ልብን የሚያቆም ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ በሰቲትና በአትባራ ወንዞች ዙሪያ፣ የሐምራን አዳኞች በፈረስ ሆነው ዝሆኑን ካስቆጡ በኋላ ከኋላው ተጠግተው የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጡ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861ና በ1862 በዚያ አገር ሲያድን ይህንን አይቶ ጽፏል።

አውሮፓውያን አዳኞች የሚተማመኑት በጥቁር ባሩድ በሚሠራ ወፍራም ጠመንጃ ነበር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ስፋት የሚለካው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሙዙ ይሰፋል። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚያመለክተው በአፈሙዙ ልክ የተቀረጹ ስንት የእርሳስ ድብልብሎች አንድ ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) እንደሚመዝኑ ነው። ስለዚህ የ8 ቁጥር ጠመንጃ ድብልብል 57 ግራም፣ የ4 ቁጥር ደግሞ 113 ግራም ገደማ ይመዝናል። የ8 ቁጥር አፈሙዝ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር፣ የ4 ቁጥር 27 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቤከር ከዚህም የሚበልጥ፣ የግማሽ ፓውንድ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነበረው።

እነዚህ መሣሪያዎች ኃይላቸው ብዙ ቢሆንም ችግራቸውም ብዙ ነበር። ክብደታቸው ብዙውን ጊዜ ከ6 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ ሌላ ሰው ይሸከማቸዋል፤ አዳኙ መሣሪያውን የሚቀበለው ዝሆኑ አጠገብ ሲደርስ ነው። ርግጫቸው ትከሻ ይሰብራል ተብሎ ይፈራ ነበር። የጥቁር ባሩድ ጭስ ደግሞ ለጥቂት ሰከንዶች ፊት ለፊት ያለውን ይጋርዳል። ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ርቀት የተተኮሰበት ዝሆን ወደ አዳኙ ቢዞር አዳኙ በጭሱ ምክንያት ላያየው ይችላል። ለስላሳው እርሳስም አጥንት ሲመታ ይጨፈለቃል፣ አቅጣጫውንም ይስታል።

ከእነዚህ ቀለል ያለ ምርጫ «ኤክስፕረስ» የተባለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር። ከነዚህ ትልቁና በጣም የታወቀው 0.577 ኢንች (14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ) ስፋት ያለው ነው። ሁለት አፈሙዝ ማለት ሁለት ጥይት ወዲያው ወዲያው መተኮስ ይቻላል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደገና እስኪጎርስ ድረስ አዳኙ ባዶ እጁን ነው።

በኢትዮጵያ ወታደሮችና አዳኞች እጅ የነበሩት ደግሞ ለጦርነት የተሠሩ ጠመንጃዎች ናቸው። ከእንግሊዙ ስናይደር ስሙን ያገኘው ሰናድርና ከፈረንሳዩ 11 ሚሊ ሜትር «ፉዚል ግራ» የመጣው ውጅግራ በሰፊው ይታወቁ ነበር። እነዚህም የጥቁር ባሩድ መሣሪያዎች ሲሆኑ ለሰው እንጂ ለዝሆን ራስ የታሰቡ አልነበሩም። ስለዚህ የአገሬው አዳኞች ብዙ ሆነው ከየአቅጣጫው ይተኩሱ ነበር።

ሩስፖሊ በተጓዘባቸው ዓመታት የጠመንጃ ዓለም በለውጥ ላይ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ለበል ጠመንጃ ወጣ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑ ማውዘር ኩባንያ ባለ 7 ሚሊ ሜትር ጥይት አቀረበ። በመዳብ ቅልቅል የተለበሰው ይህ ቀጭን ጥይት ቀጥ ብሎ በጥልቀት ይገባል፣ ጭስም የለውም፣ ጠመንጃውም ቀላል ነው። ለዝሆን በቂ ስለመሆኑ ግን ገና ማንም ማረጋገጫ አልነበረውም። ወፍራሙን ጥይት ከጭስ አልባ ባሩድ ጋር ያጣመረው የለንደኑ የሪግቢ ኩባንያ 0.450 ኢንች ጥይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1898፣ ሩስፖሊ ከሞተ 5 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ ዝሆን የሚቀርብ ሰው አንድም ከባድና ጭሳም የሆነውን አሮጌ መሣሪያ፣ አለዚያም ያልተፈተነውን አዲስ መምረጥ ነበረበት።

የዝሆን አካል አሠራር ምርጫውን ከባድ ያደርገዋል። አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን እስከ 6,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የራስ ቅሉ ሲታይ ግዙፍ ቢሆንም ውስጡ አየር የቋጠረ፣ የማር እንጀራ የመሰለ አጥንት ነው። አንጎሉ 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን የሚገኘውም ብዙዎች እንደሚገምቱት በግንባሩ በኩል ሳይሆን ወደ ኋላና ወደ ታች፣ በሁለቱ የጆሮ ቀዳዳዎች መካከል ባለው መሥመር ላይ ነው። ዝሆኑ ራሱን ቀና ወይም ዝቅ ባደረገ ቁጥር ይህ ቦታ ለተኳሹ ይለዋወጣል። ከአንጎሉ በላይ ያለፈ ጥይት፣ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ ዝሆኑን ያስደነግጠው ወይም ያስቆጣው ይሆናል እንጂ አይገድለውም። የልብና የሳንባ ምት ይገድላል፤ ነገር ግን ዝሆኑ ከመውደቁ በፊት ሊሮጥ ወይም ሊያጠቃ ጊዜ ያገኛል።

አሟሟት

ሩስፖሊ ከቦረና ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ወደ ቡርጂ ደረሰ። ቡርጂ ከጫሞ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ ሕዝቡ በእርሻና በንግድ የሚተዳደር ተራራማ አገር ነው። ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳና የወንዝ ዳር ጫካ በዘመኑ ዝሆን የሚበዛበት ነበር።

ኅዳር 26 ቀን 1886 ዓ.ም. ሩስፖሊ በዚሁ አካባቢ ለዝሆን አደን ወጣ። ሊገድለው የሞከረው ዝሆን አጥቅቶ ገደለው። 28ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። የጉዞ ጓደኞቹ በዚያው አገር ቀበሩት።

በደቡብ ኢትዮጵያ በአደን ላይ የሞተ ሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ስማቸው ያልተጻፈ የአገሬው አዳኞችና መሣሪያ ተሸካሚዎች በብዛት በዝሆን ሞተዋል። የሩስፖሊ ሞት በአውሮፓ ጎልቶ የተሰማው የሮም ከንቲባ ልጅ፣ ባለ ማዕረግና ወጣት ስለነበረ ነው። መሪው የሞተበት ቅፍለት ጉዞውን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳርቻ ተመለሰ። የተሰበሰበው የዕፀዋትና የእንስሳት ናሙና ግን ተጭኖ ጣሊያን ገባ።

የተሰበሰቡት ናሙናዎች

ከጉዞው የተገኙት ዕፀዋት በአውሮፓ የዕፀዋት ሊቃውንት ተጠኑ። ሩስፖሊያ የተባለው የአበባ ዕፀዋት ወገን እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመናዊው ጉስታቭ ሊንዳው የተሰየመው በልዑሉ ስም ነው። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ የሚበቅል አንድ የእሬት ዓይነትም ስሙን ይዟል። የዶሜኒኮ ሪቫ ስም ደግሞ በቦስዌሊያ ሪቫኤ ቀርቷል። ይህ ዛፍ በሊበንና በኦጋዴን ቆላ የሚበቅል ሲሆን አርብቶ አደሮች እስከ ዛሬ ድረስ ዕጣኑን ለቅመው ይሸጣሉ።

ስም አልባዋ ወፍ

ከናሙናዎቹ መካከል የአንዲት ወፍ ቆዳ ነበረ። ወፏ የት፣ በየትኛው ቀንና በምን ዓይነት ጫካ እንደተገኘች የሚገልጽ ጽሑፍ አልተያያዘባትም። ይህን ሊናገር የሚችለው ሰብሳቢው ራሱ ሞቷል። ጣሊያናዊው የአዕዋፍ ሊቅ ቶማሶ ሳልቫዶሪ ቆዳውን መርምሮ እስከዚያ ጊዜ በሳይንስ ያልታወቀ የቱራኮ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1896ም በሟቹ ስም ሰየማት። ለረጅም ጊዜ የታወቀችበት ሳይንሳዊ ስም ታውራኮ ሩስፖሊ ነው።

ለአሥርተ ዓመታት ወፏ በሙዚየም እንጂ በአገሯ የምትታወቅ አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው ኮንስታንቲን ቤንሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ሲያገለግል በአሬሮ ደን አገኛት። ከዚያ ወዲህ በነገሌ፣ በወደራና በክብረ መንግሥት ዙሪያ እንዲሁም በገናሌ ወንዝ አካባቢ መኖሯ ተረጋግጧል።

የሩስፖሊ ቱራኮ ሰውነቷ አረንጓዴ፣ የራሷ ጉትያ ነጣ ያለ፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት ያላት ናት። ስትበር የክንፎቿ ደማቅ ቀይ ቀለም ይታያል። ቀለሙ መዳብ ካለበት፣ በቱራኮዎች ብቻ ከሚገኝ ንጥረ ነገር የተሠራ ነው። የሾላ፣ የጽድና የሌሎች ዛፎችን ፍሬ ትበላለች። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ስትሆን የደን መመንጠር ያሰጋታል። በደገኛው አገር ከሚኖረው ጉንጨ ነጭ ቱራኮ ጋር መዳቀሏም ለዝርያዋ ሌላ ስጋት ነው። በያቤሎ ዙሪያ ከሚገኙት የኢትዮጵያ ቁጥቋጦ ቁራና ነጭ ጅራት የጨረባ ወፍ፣ እንዲሁም ከነገሌ አጠገብ በሊበን ሜዳ ከምትኖረው የሊበን ላርክ ጋር የአዕዋፍ ተመልካቾችን ወደ ደቡብ ቆላ ከሚስቡት አንዷ ናት።

ከሩስፖሊ በኋላ

አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ በቦረና በኩል በ1895 ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። ቪቶሪዮ ቦቴጎም በ1895 ሁለተኛ ጉዞውን ጀምሮ በሉግ ጣቢያ መሠረተ፤ በደቡብ ሐይቆች በኩል አልፎም የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚፈስ አረጋገጠ። ጉዞው የዝሆን ጥርስም ይሰበስብ ነበር። ከአድዋ ጦርነት በኋላ፣ መጋቢት 1889 ዓ.ም.፣ ቦቴጎ በወለጋ ዳጋ ሮባ በተባለ ስፍራ በውጊያ ተገደለ። በአንዳንድ የአውሮፓ ካርታዎች ላይ ጫሞ ሐይቅ ለጊዜው የሩስፖሊ ሐይቅ ተብሎ ቢጻፍም ስሙ አልዘለቀም።

ሩስፖሊ ሲሞት መልስ ያላገኘው የጠመንጃ ጥያቄ በቀጣዮቹ ዓመታት በሁለት መንገድ ተመለሰ። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል (1880–1954 እ.ኤ.አ.)፣ በዑጋንዳ ካራሞጃና በኢትዮጵያ ምዕራብ በጊሎ ወንዝ ጭምር ያደነ ሰው፣ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ አብዛኞቹንም የገደለው በ7 ሚሊ ሜትሩ ማውዘር ነው። ጥይቱ 11 ግራም ብቻ ይመዝናል። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ የአንጎሉን ቦታ ካጠና በኋላ ከየአቅጣጫው ወዴት መተኮስ እንዳለበት ለይቶ አወቀ። የጥይቱ ስፋት ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታና ሳይጣመም ጠልቆ መግባቱ እንደሚገድል አሳየ።

ሌሎች ባለሙያ አዳኞች ግን የቤል ዘዴ የሚሠራው የቤልን ዓይነት ዓይንና እርጋታ ላለው ሰው፣ እንዲሁም ያልተረበሸ ዝሆን በገላጣ ሜዳ ሲገኝ ነው ብለው ተቃወሙ። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ በ10 ሜትር ርቀት የሚመጣን ዝሆን፣ አንጎሉ ቢሳትም እንኳ፣ የሚያስቆም ከባድ ጥይት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው የሪግቢ 0.416 እና በ1912 የወጣው የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 0.375 ለዚህ የታሰቡ ናቸው። የ0.375 ጥይት 19 ግራም ገደማ መዝኖ በሰከንድ 770 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የ0.450ው 31 ግራም ገደማ መዝኖ በሰከንድ 655 ሜትር ያህል ይጓዛል። በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የወጡ የአደን ሕጎች ለዝሆንና ለመሳሰሉት አደገኛ አውሬዎች 0.375 ዝቅተኛው ካሊበር እንዲሆን ደነገጉ። ሕጉ የአዳኙን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ዝሆኑ ቆስሎ እንዳይሰቃይና በመንገዱ ያገኘውን ሰው እንዳይገድል ለመከላከልም የታሰበ ነው።

ጭስ አልባው ፈጣን ጠመንጃ አደኑን ለሰው ባቀለለ መጠን ለዝሆኑ አከበደው። በኢትዮጵያ ዝሆን አደንን የሚመለከት የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ። ዓለም አቀፉ የዝሆን ጥርስ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረገ ስምምነት ታገደ። ኢትዮጵያም መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ውስጥ አቃጥላለች። ዛሬ የአገሪቱ ዝሆኖች የቀሩት በባቢሌ፣ በኦሞ፣ በማጎ፣ በጋምቤላ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በቃፍታ ሽራሮና በመሳሰሉት ጥብቅ ስፍራዎች ነው፤ ሩስፖሊ ካለፈባቸው የደቡብ ቆላ ሜዳዎች ከአብዛኞቹ ጠፍተዋል።

መታሰቢያ

የሩስፖሊ ጉዞ ሁለት ዓመት ያልሞላ፣ በመሪው ሞት የተቋረጠ ጉዞ ነበር። በሕይወት ቢመለስ ኖሮ ስለ ሊበን፣ ስለ ቦረናና ስለ ቡርጂ ምን ይጽፍ እንደነበር ጥቂት ፍንጭ የሚሰጡት በሙዚየም ያሉት ናሙናዎች ናቸው። በነገሌና በአሬሮ መንገድ የሚሄዱ መንገደኞች ስሙን የሚሰሙት ከአዕዋፍ አስጎብኚዎች ሲሆን፣ አረንጓዴዋን ወፍ ለማየት የሚቆሙበት የጽድና የሾላ ደን ዛሬም የዝርያዋ ብቸኛ መኖሪያ ነው።